ካንዴላ፣ ችንጋ፣ ፍሪሲዮን

አያቴ ከጣልያን ያገኘው ነገር ቢኖር አንድ ጠመንጃ ነው፤ ለእሱም አምስት ሳንቲም አልከፈለም። እኔ የልጅ ልጁ ግን ባለፈው ግንቦት ከፍራንክፈርት ቦሎኛ ድረስ በባቡር ሄጄ፣ ለአንድ ጣልያናዊ ሽማግሌ 4,300 ዩሮ እጁ ላይ ቆጥሬ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ቀይ ሞተር ሳይክል ተረከብኩ። አያቴ ከመቃብሩ ቀና ብሎ ቢያየን ማን ማንን እንደማረከ ግራ ይገባው ነበር።

ሞተር ሳይክሏ ዱካቲ ናት። 900 ኤስ ኤስ ይሏታል፣ የ1993 ሥሪት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ ዕቃዋም የፈረንጅ ናት።) ከእሷ በፊት ዘጠኝ ዓመት የነዳሁት ጃፓን ሠራሽ ነበረኝ፤ ስለ እሱ የማወራው የለኝም። ጠዋት ሳስነሣው ይነሣል፣ ማታ ሳጠፋው ይጠፋል። በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን መንገድ ላይ አልጣለኝም፤ ከአንድ ሰውም አላስተዋወቀኝም። እንዲህ ያለ ትዳር ያላቸው ሰዎች አውቃለሁ። ተጣልተው አያውቁም፣ ቤታቸውም ሰው አይመጣም።

ሻጩ የሚኖረው ቦሎኛ ዳር፣ ፋብሪካው ካለበት ከቦርጎ ፓኒጋሌ ብዙም ሳይርቅ ነው። የስም ዝውውሩን ዓርብ ጨርሰን እሁድ ጠዋት ልወስዳት ስሄድ ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት አስቀመጠኝና ቡና አፈላልኝ። ቀጥሎ አንድ ወፍራም ዶሴ አምጥቶ ጭኔ ላይ አኖረ። የልጅ የክትባት ካርድ በሉት፤ ችንጋዋ የተቀየረበት ቀን፣ ቫልቮቿ የተለኩበት ቀን፣ ዘይቷ የተለወጠበት ቀን፣ ሁሉም በእጅ ጽሑፍ። የዚህች ሞተር ሳይክል ችንጋ ተነዳችም አልተነዳች በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፤ ጎማ ነክ ነገር ስለሆነ ቁጭ ብሎም ያረጃል። ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ የክትባት መሆኑ ቀርቶ የዕድር ይሆናል።

በምን ቋንቋ ተግባባችሁ የሚል ይኖራል። ጣልያንኛ አልተማርኩም። ነገር ግን ያደግሁት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ አባቴ በሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የአዲስ አበባ መካኒክ ደግሞ እስከ ዛሬ እጁ ግሪስ የሚነካው በጣልያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ቢዬላ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። ጣልያን አምስት ዓመት ተቀምጦ ሲባረር ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ጥሏቸው ወጣ፤ ከመካኒኮቹም አብረዋቸው የቀሩ ነበሩ። ልጅ ሆኜ የባዕድ ቃላት መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ፍሪሲዮንማ ከጽዮን ጋር ቤት ስለሚመታ ግዕዝ ይመስለኝ ነበር።

«ፍሪሲዮን?» አልኩት ሽማግሌውን።

ፊቱ በራ። «ኑዎቫ!» አዲስ ነው።

«ችንጋ?»

«ኑዎቫ!»

«ካንዴላ?»

«ኑዎቫ፣ ኑዎቫ!»

በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጣልያንኛ ተናጋሪ ሆንኩ። ከዚያ ግን ሰውዬው ልቡ ተነሣሥቶ ወደ እውነተኛው ጨዋታ ገባ። ግድግዳው ላይ የልጆቹን ፎቶ እያሳየ ረዘም ያለ ነገር ጠየቀኝ፤ ስለ ቤተሰቤ መሆን አለበት። የእኔ ጣልያንኛ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚበላሹ ዕቃዎች ስም ነው። ስለ ባለቤቴ ተጠይቄ «ማርሚታ» ማለት አልችልም። ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ፤ ያዘነልኝ መሰለኝ።

ሊሸኘኝ ግቢው ውስጥ ቆሞ ሳለ አንድ ጥፋት ሠራሁ። ስልኬ ካርታ እያሳየ ባትሪው እንዳያልቅ ብዬ ከፍራንክፈርት ያመጣሁትን ቻርጀር ከኮርቻዋ ሥር ካለው ሽቦ ጋር ቀጠልኩና በናስትሮ ጠቀለልኩት። ሽማግሌው ጣቱን እያወዛወዘ «ኖ፣ ኖ፣ ኖ» አለ። እንዴ! የመካኒክ ልጅ ነኝ እኮ። ኮርቻውን ጫን አድርጌ ዘጋሁት።

ስትነሣ መስማት ነው። የእሷ ፍሪሲዮን እንደ ብዙዎቹ ዘይት ውስጥ የተነከረ አይደለም፤ ደረቅ ነው። ስለዚህ መያዣውን ጨብጣችሁ በቆማችሁ ቁጥር ሳህኖቹ እየተንኳኩ ጸናጽል ይመታሉ፤ ከሩቅ የሰማ ማኅሌት የተቆመ ይመስለዋል። ቫልቮቿም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ሌላው ሞተር ቫልቩን ገፍቶ ይከፍትና መዝጋቱን ለሞላ ይተዋል። በ1954 ፋብሪካው የገባው መሐንዲስ ፋቢዮ ታልዮኒ ግን ሞላን አላመነም፤ ሞተሩ በጣም ሲፈጥን ሞላው ይዘገያል። በ1956 ለእሽቅድምድም በሠራት ሞተር ላይ ሞላውን አሰናብቶ አንድ ከፋችና አንድ ዘጊ ቀጠረ። ለአንድ በር ሁለት ዘበኛ ማለት ነው፤ ዴዝሞድሮሚክ ይሉታል። ዶሴውን ያወፈረውም እነዚህን ሁለት ዘበኞች ማስማማት ነው።

ፋብሪካው ራሱ በ1926 ሲቋቋም ሥራው የሬዲዮ ዕቃ ነበር። በ1944 በቦምብ ፈረሰ። ከጦርነቱ በኋላ ብስክሌት ላይ የምትገጠም ትንሽ ሞተር እየሠራ ተነሣ፤ ስሟ ኩቾሎ ነው፣ ቡችላ። የእኔዋ ቡችላ የምትባልበት ዕድሜ ቢያልፍም የዘር ጠባይ አልለቀቃትም፤ ሰው ባየች ቁጥር ትጮኻለች።

ከቦሎኛ ፍሎረንስ በፈጣኑ ባቡር 40 ደቂቃ አይሞላም። ፍሎረንስ የምትኖረው የአክስቴ ልጅም በስልክ ያለችኝ ይህንኑ ነው። እኔ የመረጥኩት አሮጌውን የፉታ መንገድ ነበር፤ ቁጥር 65፣ በሎያኖና በሞንጊዶሮ በኩል አፔኒን ተራራ ላይ የሚወጣውን። ድሮ ሚሌ ሚሊያ የሚባለው የመኪና እሽቅድምድም ያልፍበት ነበር። ሊማሊሞን የጠረበው ጣልያን ልምምዱን እዚህ ሳያደርግ አልቀረም፤ አንዱን ጥምዝ ጨረስኩ ሲሉ ሌላው እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

አቀማመጧ ስግደት ነው። ከወገብ ጎንበስ፣ ግንባር ወደ ፊት፣ የሰውነት ክብደት በሙሉ የእጅ አንጓ ላይ። ሎያኖ ስደርስ የሕማማትን ስግደት በአንድ ጠዋት የጨረስኩ ያህል ወገቤ ተንቀጥቅጧል። ጉልበቷም ቢሆን ወደ 80 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ዛሬ ይህን ቁጥር ሰምቶ የሚደነግጥ ወጣት የለም። ግን ሁለቱ ሲሊንደሮቿ ከታች ጀምረው እንደ ጥንድ በሬ ሲጎትቱ፣ ከጥምዙ ወገብ ላይ ነዳጅ ስሰጣት፣ በማርሚታዋ የሚወጣው ድምፅ ተራራውን መትቶ ሲመለስ፣ ወገቤ የማን እንደነበረ ረሳሁ። ራስ ቁሬ ውስጥ ብቻዬን እልል ያልኩ መሰለኝ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ነኝ።

968 ሜትር ከፍታ ላይ ራቲኮዛ የሚባል በር አለ፤ እሁድ እሁድ ሞተረኛ ሁሉ የሚሰበሰብበት ቡና ቤት ያለበት። አርባ የሚሆኑ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው እያየኝ ገባሁ፣ ቆምኩ፣ የጎን ማቆሚያውን በእግሬ ዘረጋሁ፣ ወረድኩ። የእሷ ዘመን ዱካቲ ማቆሚያ ክብደት ሲለቀው በራሱ ታጥፎ የሚገባ መሆኑን ዶሴው ውስጥ አይቻለሁ፤ አይቼም ረስቻለሁ። ጓንቴን ሳወልቅ በክርኔ ነካ አደረግኋት። ማቆሚያው ቀጭ ብሎ ገባ።

«ካቫሌቶ!» ብሎ አርባ ሰው ባንድ አፍ ጮኸ።

ገባኝ! ካቫሌቶ የጋራዣችን ቃል ነው። በጉልበቴ ደገፍኳት፣ አምስት ሰው ሮጦ ደረሰልኝ፣ አቆምናት። አንድም የሣቀ የለም። አንዱ እጄን ይዞ ወደራሱ ሞተር ሳይክል ወሰደኝና ጎኗ ላይ ያለውን ጭረት አሳየኝ፤ ሌላው ሱሪውን ሰብስቦ የጉልበቱን ጠባሳ። ቡናዬን ማን እንደከፈለ እስከ አሁን አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ በስልኩ እያስተረጎመ «በአገርህ የጣልያን ሞተር ይነዳል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝም ነበር። ባጃጅ ትዝ አለኝ። የሕንድ ነው ይባላል እንጂ ኩባንያው ማምረት የጀመረው ቬስፓን ከሚሠራው ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ነው። «ሁላችንም ነድተናል» አልኩት፤ ስልኩ ምን ብሎ እንደተረጎመው እንጃ፣ ተነሥቶ አቀፈኝ።

ፉታ ላይ፣ 903 ሜትር ከፍታ፣ ከሠላሳ ሺህ በላይ የጀርመን ወታደሮች የተቀበሩበት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካነ መቃብር አለ። ሳልፍ ድምጿን ዝቅ ላደርግ ሞከርኩ። ዝቅ የሚል ነገር የላትም።

ከዚያ ቁልቁል ሁለት ጥምዝ እንደወረድኩ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ሞተሩ የለም፣ መብራቱ የለም፣ ጥሩምባው የለም፣ የወፍ ድምፅ ብቻ። በቁልቁለቱ ተንሸራትቼ መንገድ ዳር ቆምኩ። ማቆሚያውን ሦስት ጊዜ አይቼ ወረድኩ። ስልኬ ካርታውን እንዳሳየ ባትሪው አልቆ ጠፋ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንድ አሮጌ ፓንዳ መኪና አልፎኝ ሄደ፤ ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ። ባርኔጣ ያደረጉ፣ ሰማንያውን ያለፉ የሚመስሉ አባባ ወረዱ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ ሞተር ሳይክሏን ዞረው ዞረው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉ፤ በል ተናገር እንደማለት።

«ካንዴላ?» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ካንዴላ መብራት አያጠፋም።

«ችንጋ?» ይህን የጠየቅሁት ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

«ኖ።»

«ሞተሪኖ? ባትሪያ? ፍሪሲዮን?»

«ኖ፣ ኖ፣ ኖ።»

በዚህ ዓለም ያለኝን ጣልያንኛ ሁሉ ጨረስኩ። የቀረኝ ፓራፋንጎ ነበር፤ እሱን ማለት ደግሞ አፈርኩ። አባባ ጣታቸውን አነሡና ቀስ ብለው «ፉዚቢሌ» አሉ።

የማላውቀው ቃል! ኮርቻውን አስነሥተው አንዲት ትንሽ ዕቃ ነቅለው ወደ ፀሐይ ዘረጓት። ውስጧ ያለችው ቀጭን ሽቦ ተቃጥላ ተበጥሳለች።

«ፊውዝ!» ብዬ ጮህኩ።

እስቲ ፍረዱኝ። አባቴ ጋራዥ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ጣልያንኛ ያልሆነችው ይህች ናት። እንግሊዞች በ1941 ጣልያንን ሊያስወጡ አብረውን ሲመጡ ይዘውብን የገቡት ቃል መሆን አለበት፤ ነጻነት ሲመጣ አብሮ የሚመጣው አይታወቅም።

አባባ ግን ገና አልጨረሱም። ፊውዝ ያለ ምክንያት አይቃጠልም። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና የቻርጀሬን ሽቦ መዘዙ፤ ጫን አድርጌ የዘጋሁት ኮርቻ ልጦታል። አይጥ በጅራቷ እንደሚይዝ ሰው በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አቀበሉኝ። ቃል አልተነፈሱም፤ ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ከራሳቸው ፓንዳ አንድ ፊውዝ በፒንሳ ነቅለው አመጡ። የኋላ መስተዋት ማጽጃውን እያሳዩ ሰማዩን አመለከቱ፤ ዛሬ ዝናብ የለም ማለታቸው ነው። ቁልፉን አዞርኩ። ጸናጽሉ ተመታ።

ገንዘብ ላወጣ ኪሴ ስገባ እጄን መቱኝ። ጣልያንኛውን የት ተማርክ መሰለኝ ያሉኝ፤ «አዲስ አበባ» አልኩ። ትንሽ ዝም አሉ። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ጣልያናዊ ስለ አዲስ አበባ ምን ምን እንደሚያስብ አላውቅም፣ ሊጠይቁኝም ልጠይቃቸውም የምንችልበት ቃል አልነበረንም። ከዚያ «ብራቮ» አሉና ፒንሳውን እጄ ላይ አስቀመጡ። በአንድ እጃቸው ወደ ኋላዬ እያመለከቱ ረዥም ንግግር አደረጉልኝ። ከመካከሉ የሰማሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ጎማ። ጎማህን ይባርክ እያሉ ይመርቁኛል ብዬ ባርኔጣ ሳይኖረኝ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

ፍሎረንስ የደረስኩት ሊመሽ ሲል ነው፤ ከቦሎኛ ከወጣሁ ስምንት ሰዓት ሞልቷል። የአክስቴ ልጅ ነጠላዋን እንዳጣፋች ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ባቡር 40 ደቂቃ ነው አላልኩህም?»

«ባቡር ውስጥ ፒንሳ የሚሰጥ ሰው የለም» ብዬ አሳየኋት። አያቴ ጠመንጃ፣ እኔ ፒንሳ፤ ሁለታችንም ሳንከፍል። የአባባን ነገር ከነምርቃታቸው እየተጨዋወትን ሞተር ሳይክሏን ዞር ብላ አየቻት። ፍሎረንስ አሥራ ስምንት ዓመት ኖራለች፣ ጣልያንኛዋ እንደ አገሬው ነው።

«ስለ ጎማ ነው ያሉህ?»

«መረቁኝ አልኩሽ እኮ።»

«እንዴ፣ አንተ ሰው! የኋላ ጎማህ ላይ ይሄን የሚያክል ሚስማር ተሰክቷል።»

ተንበርክኬ አየሁት። እውነት ነው። ፒንሳው እጄ ላይ ነበር፤ የመካኒክ ልጅ ነኝ፤ ይዤ ሳብኩት። አሥር ጥምዝ፣ መቶ ጥምዝ ችሎ የመጣው አየር ፊሽ ብሎ ወጣ፤ ቀይዋ ቀስ እያለች ወደ ኋላ ተቀመጠች።

«እንግዲህ እስከ ሰኞ መጠበቅ ነው» አለች የአክስቴ ልጅ። «ጎሚስታ እሁድ አይከፍትም።»

ጎሚስታ! ይህቺን ቃል እንኳን አውቃታለሁ።