ወርዱን ማን ጠየቀ?

የቤተሰባችን እግር ርዝመቱ ደህና ነው፤ ጣጣው ወርዱ ላይ ነው። ከተረከዝ ተነሥቶ በሥርዓት ይመጣና ጣቶቹ ጋ ሲደርስ፣ አዲስ መሬት እንደተመራ ገበሬ ድንበሩን ወደ ጎን ይገፋል። አባቴም አያቴም እንዲሁ ነበሩ። ጥቅም የለውም አይባልም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አውልቄው የገባሁትን ጫማ እስከ ዛሬ ማንም ተሳስቶ አድርጎት ሄዶ አያውቅም። ከቅዳሴ በኋላ ሌላው ምእመን ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያፈላልግ የእኔ ከሩቅ ይታያል። የጫማ ሌባም ቢሆን የሚገዛውን ደንበኛ አስቦ ነው የሚሰርቀው።

ከዚህ እግር ጋር በሰላም ኖረናል። መርካቶ ሳለሁ ሻጩ «ግድ የለህም፣ ሲደረግ ይለቃል» ይለኛል፤ ቆዳውም ሰው አክባሪ ነበርና ትንሽ ቆይቶ ይለቃል። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላም ሰፋ ያለ የስፖርት ጫማ አላጣሁም። ሰላሙ የደፈረሰው ሐኪሙ «ስኳርህ ጫፍ ላይ ደርሷል» ብሎኝ ሳይክል የገዛሁ ጊዜ ነው።

ዋሽንግተንና አካባቢው ያለን ጎልማሳ ሐበሾች ቅዳሜ ጠዋት ሳይክል የምንነዳበት ምክንያት ሦስት ዓይነት ነው፤ ወይ ስኳር፣ ወይ ኮሌስትሮል፣ ወይ ሚስት። ሄይንስ ፖይንት ላይ ወንዙን ተከትለን እንዞራለን። ወኔ የመጣልን ቀን ደግሞ ከሸርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል 72 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀውን የድሮ ባቡር መስመር እንጀምረዋለን። እንጀምረዋለን ነው ያልኩት።

የቡድናችን አለቃ ጡረታው የተቃረበ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ማንም አልመረጠውም፤ ጠባብ ቁምጣ ቀድሞ የገዛው እሱ ስለሆነ ብቻ አለቃ ሆነ። አንድ ቀን የሸራ ጫማዬን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እግርህን ከፔዳሉ ጋር ካልቆለፍክ ሳይክል ነዳሁ ብለህ አታውራ» አለኝ። «ስትረግጥ ብቻ አይደለም፣ ስታነሣም ትስባለህ። ጉልበትህ እጥፍ ይሆናል።»

እጥፍ የሚባለው ነገር እንኳ የለም። በደህና ፍጥነት ለሚነዳ ሰው ዋናው ጥቅሙ እግሩ ከፔዳሉ አለመንሸራተቱ ነው። ግን አለቃ ሲናገር ማን ይከራከራል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጫማው ሥር ክሊት የምትባል ቁራጭ በብሎን ትታሰራለች። ፔዳሉ ላይ ስትረግጥባት ቀጭ ብላ ትቆለፋለች፤ ለመውጣት ተረከዝን ወደ ውጭ መጠምዘዝ ነው። ዘዴው የመጣው ከበረዶ አገር ነው። ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የበረዶ ሸርተቴ ማያያዣ ይሠራ ነበር፤ ተንሸራታቹ ሲወድቅ እግሩን የሚለቅ ማያያዣ። ያንኑ እውቀቱን እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ብስክሌት ፔዳል አመጣው፤ በዓመቱም በርናር ኢኖ በዚሁ ፔዳል ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። ከዚያ በፊት እግር የሚታሰረው በጠፍር ነበር። አገራችን በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር፤ በእነሱ ዘመን ከጠፍር ሌላ አልነበረም። ጠፍር ደግሞ ደግ ነው፤ ሲጠብቅህ ታላላዋለህ። ሺማኖ የተባለው ኩባንያ በ1990 ለተራራ ብስክሌት ብሎ ያመጣት ባለ ሁለት ብሎን ትንሽ ክሊት ናት የእኛ ቡድን ምርጫ፤ ጫማው ሥር ጎድጎድ ብላ ስለምትገባ በእግር መሄድ ታስችላለች ይባላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ቤት ቋ፣ ቋ እያልን ስንገባ ግን «ማነው በቅሎ ይዞ የመጣው?» የሚል አይጠፋም።

እኔ ክሊቷን አልጠላሁም። የጠላሁት ጫማውን ነው።

የሳይክል ጫማ ሶሉ መታጠፍ የለበትም፤ ከታጠፈ ጉልበትህ ፔዳሉ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከጠንካራ ፕላስቲክ፣ ውድ ከሆነም ከካርበን ይሠሩታል። ካርበን ደግሞ የመርካቶን ቋንቋ አይሰማም፤ ሲደረግም አይለቅም፣ ሲያረጅም አይለቅም። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ያለው ልጅ ቁጥሬን ጠየቀኝ። 43 አልኩት። አመጣ። እግሬ እስከ ግማሽ ገባና ቆመ።

«44 እንሞክር» አለ።

«ወርዱስ?»

«ወርዱ አንድ ነው። 45 ላምጣልህ?»

ሒሳቡን እዩልኝ። የአውሮፓ የጫማ ቁጥር በአንድ ሲጨምር ርዝመቱ 7 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ያድጋል፤ ወርዱ የሚያገኘው ከዚያ በጣም ያነሰ ፍርፋሪ ነው። እኔ የምፈልገውን ወርድ ለማግኘት የማልፈልገውን ርዝመት መግዛት አለብኝ። 45ቱን ሳደርገው እግሬ በግራና በቀኝ ተጣቦ፣ ከፊት ለፊቱ ግን ደባል የሚያስገባ ባዶ ክፍል ተረፈው። ይህ ብቻ ቢሆን ጥጥ እጎዘጉዝበት ነበር። የክሊቷ ቀዳዳ ረዘም ላለ እግር የተበሳ ስለሆነ፣ ከአውራ ጣት መገጣጠሚያ አካባቢ መዋል የነበረባት ክሊት ወደ ጣቶቹ ትሸሻለች፤ ጣጣውን ባት ይሸከማል። ቀስ ብለህ ስትዞር ደግሞ የጫማው አፍንጫ የፊት ጎማውን ይነካል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አባቶች እንቁላሉ ምን ዓይነት ጫማ አድርጎ እንደነበር ሳይነግሩን ሞቱ።

ልጁ «ይሆንሃል» አለኝ፤ አለቃም «ይሆንሃል» አለኝ። 44ቱን ይዤ ወጣሁ።

በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ጊዜ የምትረግጥ ከሆነ በሰዓት 5 ሺህ ጊዜ ያህል ነው፤ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ። በእግር ስንሄድ እግራችን ይታጠፋል፣ ይነሣል፣ ያርፋል። ፔዳል ላይ ማረፍ የለም። የእግራችን ፊት ረጃጅም አጥንቶች አሉት፤ በመካከላቸው ነርቮች ያልፋሉ፤ ጫማው ከጎንና ከጎን ሲጨምቃቸው መጀመሪያ ይነዝራል፣ ቀጥሎ ያቃጥላል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ከሁሉ የሚያስፈራው ጸጥታው ነው። ትንሿ ጣቴ መኖሯን የማረጋግጠው ቤት ገብቼ ካልሲዬን አውልቄ በዓይኔ በማየት ነበር።

እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል ነገርኳት።

«ጫማ ጠበበኝ ትላለህ?» አለች። «ኮንጎ ጫማ ስገዛልህ እንዳይቆሽሽ ብለህ በእጅህ ይዘኸው የምትመጣ ልጅ! ያ እግር በባዶው አድጎ አሁን ማን ይሰበስበዋል?»

ሳታውቀው ሳይንስ ተናገረች፤ በባዶ እግሩ ያደገ ሰው የእግሩ ፊት ሰፋ እንደሚል ያጠኑ ሰዎች አሉ። በዚህ ብታበቃ ጥሩ ነበር።

«እሱን ጣልና በባዶ እግርህ ንዳ። አበበ ቢቂላ በጫማ ነው እንዴ ያሸነፈው?»

አበበ በ1960 ሮም ላይ የቀረበለት ጫማ አልተመቸውም፤ በባዶ እግሩ መለማመዱን ያውቅበት ነበርና ጫማውን ትቶ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰው። እኔ ግን ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የማስበው ስለ ጀግንነቱ ብቻ አይደለም፤ ሻጩ «ይሆንሃል፣ ሲደረግ ይለቃል» ቢለውና ቢያምነውስ? ያም ሆኖ የእናቴ ምክር አይሠራም። የእኔ ፔዳል ትንሽ የብረት መንጋጋ ነው፤ በባዶ እግር የረገጠው ሰው ማራቶን ሳይሆን አምቡላንስ ነው የሚጨርሰው።

ለጫማ ፋብሪካዎቹም ልፍረድላቸው። ጫማ የሚወጠረው በፎርማ ነው፤ አንድ ወርድ ጨመርክ ማለት ለየቁጥሩ ሌላ ፎርማ፣ ለየቁጥሩ ሌላ የሶል ቅርጽ ማሠራት ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ቀጭን እግር ያለውን እሽቅድድመኛ በልባቸው ይዘው አንድ ወርድ ይሠራሉ። በእሽቅድድመኛው አልቀናም፤ ቢንያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ሦስት የዕለት ውድድሮችን ሲያሸንፍ እንደ ሌላው ሐበሻ ሁሉ ጮኼያለሁ። ግን እሱ ቡድን አለው፤ ጫማው ቢቆረቁረው የሚሯሯጥለት ሰው አለው። እኔ ያለኝ አለቃ ነው።

በመጨረሻ አንድ አሮጌ ሱቅ ገባሁ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ቁጥሬን አልጠየቁኝም፤ ከመደርደሪያ ሥር አቧራ የለበሰ የብረት መለኪያ አወጡ። ይህን መለኪያ በ1920ዎቹ የፈለሰፈው ቻርልስ ብራኖክ የተባለ፣ አባቱ ሲራክዩስ ኒውዮርክ ውስጥ የጫማ ሱቅ የነበራቸው ሰው ነው። ርዝመቱን ይለካል፣ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት መገጣጠሚያ ያለውን ይለካል፣ ወርዱንም ይለካል። መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ብረት ነው ወርዴን ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀኝ!

«ቁም» አሉኝ፤ የተቀመጠ ሰው እግር ጠበብ ይላል፣ ሲቆሙበት ነው እውነቱን የሚያወጣው። ወርዱን በፊደል ነው የሚያነቡት፤ ለወንድ «ዲ» መካከለኛ ነው፣ ከዚያ «ኢ» እየተደጋገመ ይሰፋል። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውርደው «ኢ... ኢ... ኢ...» ማለት ሲጀምሩ ያመማቸው መስሎኝ ክንዳቸውን ያዝኩ። ማንበባቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ሌላ ዓለም እንዳለ የተረዳሁት። ሌክ የሚባለው ኩባንያ ሰፊና በጣም ሰፊ እያለ ይሠራል፤ ሺማኖም ለአንዳንድ ጫማዎቹ ሰፊ ወርድ አለው። ቦንት የሚባለው የአውስትራሊያ ጫማ ደግሞ በቤት ኦቨን 70 ዲግሪ ገደማ ይሞቅና ሲለሰልስ እግርህ ላይ ይቀረጻል። ይህ ልቤን ወሰደው። ባለቤቴን ማማከር ነበረብኝ።

«ኦቨኔ ውስጥ?» አለች።

«ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው።»

«ድፎ በምጋግርበት? ያውም በሁዳዴ፣ ቆዳ?»

«ቆዳ የለበትም። ሰው ሠራሽ ነው፤ የጾም ነው።»

አየችኝ። ስለዚያ ጫማ ቤታችን ውስጥ ዳግመኛ አልተነሣም።

የገዛሁት ኦቨን የማያስፈልገው፣ በጣም ሰፊ የተባለው 43 ነው። ጣቶቼ በየተራ ተመለሱ፤ ትንሿ መጨረሻ ላይ ደረሰች።

ወሬው ቡና ቤት ደረሰ። አሁን በየምሽቱ እኛ ቤት ወረቀትና እርሳስ ይዞ የሚመጣ ሐበሻ አይጠፋም። ምሽት ኑ የምላቸው እኔ ነኝ፤ እግር ሲውል ያብጣል፣ ጠዋት የተለካ እግር ማታ ይክዳል። ወረቀቱ ላይ እናቆማቸውና የእግራቸውን ዙሪያ በእርሳስ እናሰምራለን። የእኛ ቤተሰብ ብቻ የሚመስለኝ እግር የስንቱ ሰው እግር ኖሯል! ማንም አይናገረውም እንጂ ግማሹ ቡድን ጣቶቹን ከረሳቸው ቆይቷል።

ባለፈው አለቃ ራሱ መጣ። በር ላይ ግራ ቀኝ አይቶ ነው የገባው። ጣቶቹ ደንዝዘው የሚውሉት ስኳሩ ተነሥቶበት እየመሰለው ለማንም ሳይናገር ሁለት ቁጥር የሚበልጠው ጫማ አድርጎ ሲያቃስት ኖሯል። ሐኪሙን ተው አላልኩትም፤ ብቻ ወረቀቱ ላይ ቁም አልኩት። ሲለካ ከእኔም ይሰፋል።

በኮምፒውተር የሚሆነውን ፈልጌ አሳየሁት።

«ቀይ የለውም?» አለ።

«በሰፊው ጥቁር ብቻ ነው ያለው።»

«ለቅሶ ልሄድ ነው እንዴ ጥቁር የማደርገው?»

ትንሽ አጉረመረመና ካርዱን አወጣ።