ይድረስ ገና ላልተቋቋመው የቡና ሐውልት ዐቢይ ኮሚቴ

ክቡራን የኮሚቴው አባላት፣

ለመመረጣችሁ በቅድሚያ እንኳን ደስ አላችሁ። ኮሚቴው ገና እንዳልተቋቋመ አላጣሁትም፤ ዛሬ የምጽፈውም ለዚሁ ነው። በአገራችን ስለ አደባባይ ሐውልት ዜጋ አስተያየት እንዲሰጥ የሚጋበዘው መጋረጃው በሚገለጥበት ዕለት ነው፤ ያን ዕለት ደግሞ አስተያየት ማለት ጭብጨባ ነው። ስለዚህ የሚለው ነገር ያለው ሰው ኮሚቴው ሳይወለድ ቢናገር ይሻለዋል። መወለዳችሁ እንደሁ አይቀርም። የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ የክልል ከተሞችን እያዳረሰ ነው። ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ መሆኗ ሳያንስ በ2014 ዓ.ም. ለተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች። ከሁሉም በላይ ዴቻ ወረዳ ውስጥ ማንኪራ አለላት፤ የቡና መገኛ እየተባለ የሚጠራው ደን። እንዲህ ያለ ስም ይዞ የአደባባዩን መሐል ባዶ የሚተው ከተማ አስተዳደር እስካሁን አልተፈጠረም።

ሥራችሁን ላቅልልላችሁ። የሐውልት ውሳኔ በከተሞቻችን የሚጓዝበት መንገድ የተጠረገ ስለሆነ ብዙ መድከም አይጠበቅባችሁም። መጀመሪያ የምረቃው ቀን ይቆረጣል። ቀኑ ሲታወቅ የክብር እንግዳው ይታወቃል፤ እንግዳው ሲታወቅ የሐውልቱ ቁመት ይታወቃል፤ ቁመቱ ሲታወቅ በጀቱ ይለቀቃል። “ለመሆኑ የምናቆመው ምንድን ነው?” የሚለውን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ የሚዋቀረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጊዜው ስላጠረም ማንም የማይቃወመውን ይመርጣል፦ ጀበና። ቀራፂው የሚጠራው በመጨረሻ ነው። ሲጠራም “ምን ይታይሃል?” አይባልም፤ “በስንት ቀን ታደርሳለህ?” ነው የሚባለው። ሐውልቱ እንደ ድልድይ በዝቅተኛ ዋጋ ለጨረታ ወጥቶ ከሆነማ ቀራፂውን መጥራትም ላያስፈልግ ይችላል፤ ተቋራጩ አንድ ያውቃል።

ቦንጋ ይህን ቅደም ተከተል በሌላ መልኩ ቀምሳዋለች። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ለኢትዮጵያ ሚሌኒየም በተነሣው ሞቅታ የታሰበ ትልቅ ሥራ ነው። መሠረት ተጣለ፣ ሕንፃ ቆመ። በውስጡ መታየት ያለበት ነገር ግን ሕንፃውን ተከትሎ ለመድረስ ዓመታት ፈጀበት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች ይህን ሳያዩ አልቀሩም። ሙዚየም መሥራቱ ትክክል ነበር፤ ለቡና ሙዚየም የማይገባው ቦታ ቢኖር ቦንጋ አይደለም። ስህተቱ “ምን እናሳያለን?” የሚለው ጥያቄ መልሱ ያለቀለት ተደርጎ መታሰቡ ላይ ነው። ቡና ነዋ! ከዚያ ወዲያ ምን ይጠየቃል? በሐውልትም ላይ የምፈራው ይህንኑ መልስ ነው።

ጀበናው ተራ ነው የሚል ደፋር አባል ከተገኘ ሁለተኛው ምርጫ ካልዲና ፍየሎቹ ናቸው። ከመወሰናችሁ በፊት ግን የካልዲን መታወቂያ ብታዩለት መልካም ነው። የእረኛው ታሪክ በጽሑፍ ቀድሞ የሚገኘው ፋውስጦስ ናይሮን የተባለ ማሮናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ በላቲን ባሳተመው ድርሰት ነው። እዚያ ላይ እረኛው ስም የለውም። መንጋው ግመል ይሁን ፍየል ደራሲው ራሱ አልቆረጠም። ቦታውም ማንኪራ ሳይሆን ደቡብ ዓረቢያ ነው። ካልዲ የሚባለው ስም የተሰጠው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ተረት ስለሆነ አይቀረጽ ማለቴ አይደለም፤ ከተረት የተወለደ ስንት ድንቅ ቅርጽ አለ። ነገር ግን ይህንኑ እረኛ ጎረቤታችሁ ጅማም ጮጬ በሚባለው ሥፍራ የኔ ነው ትላለች። ከቦንጋ ነቅሎ ጅማ ቢተክሉት የማይታወቅ ሐውልት ስለ ቦንጋ ምን ይናገራል? የማንኪራ ሽማግሌዎች ስለ ቡና የሚያወርሱት የራሳቸው ትረካ እያለ፣ ሮም የታተመውን አስመጥቶ በፋይበር ግላስ መድገም ለውጭ ምንዛሬም አይጠቅምም።

የማንኪራ እውነት ከተረቱ ይልቅ ያስደንቃል። የዓረቢካ ቡና የዘረመል ብዝኃነት በብዛት የተከማቸው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ነው፤ ዩኔስኮም በ2002 ዓ.ም. የካፋን ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ መዝግቧል። በደኑ ውስጥ ቡናው በረድፍ አልተሰለፈም። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖና ረዝሞ ይወጣል። ይህን የሚቀርጽ ሰው መልሱ ቀላል አይሆንለትም፤ ጥላን በነሐስ እንዴት ይሠሩታል? ጥሩ ቀራፂን እንቅልፍ የሚነሣው እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው። እናንተ ግን እንቅልፉን ልትነሡት የምትችሉት ጥያቄውን ካቀረባችሁለት ነው። ጀበና የታዘዘ ቀራፂ ተኝቶ ያድራል። ሌላም አለ። ከደኑ ጋር በአደንና በማር ሥራ ተሳስሮ የኖረው፣ ለረጅም ዘመን ደግሞ ከማኅበራዊ ኑሮ ተገልሎ የቆየው የማንጆ ማኅበረሰብ በኮሚቴው ውስጥ ወንበር ይኖረው ይሆን? ወይስ ስለ ጫካው የሚወስኑት ጫካውን ከመኪና መስኮት የሚያዩት ብቻ ናቸው?

አዲስ አበባ ሐውልትን በቀን መቁጠሪያ በመወሰን ብዙ ልምድ ስላላት ከእሷ መማር ይቻላል። የትግላችን ሐውልት ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል እንዲደርስ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ተሠርቶ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ ተመረቀ። በዓሉ አለፈ፣ ሥርዓቱም አለፈ፣ ሐውልቱ የበዓሉን ልብስ እንደለበሰ ቀረ። ሌኒን ደግሞ ቆሞ 10 ዓመት ሳይሞላው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወረደ። “የባዕድ እጅ ስለሆነ ነው” የሚል ካለ ስድስት ኪሎ ሄዶ የየካቲት 12ን ሐውልት ይመልከት። የቀረጹት አውግስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉ ዩጎዝላቮች ናቸው። ግን በ1929 ዓ.ም. የሆነውን ጭፍጨፋ ፊት ለፊት ቀርጸውታልና ሦስት ሥርዓት አልፎ ዛሬም በየዓመቱ አበባ ይቀመጥበታል።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አባል ሊሞግተኝ ይችላል። በብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው የሞሪስ ካልካ አንበሳስ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ፣ ለበዓል ቀን የተሠራ አይደለምን? ልክ ነው፤ ክርክሩንም ያጠራልኛል። የቀን ገደብ በራሱ ኃጢአት አይደለም። የካልካ አንበሳ እንደ ፎቶግራፍ አንበሳ አይመስልም፤ ድንጋዩ ተጠርቦ፣ ቅርጹ ተጨምቆ፣ ሰውየው ያየው አንበሳ ሆኖ ነው የቆመው። ቀን ቢሰጠውም ዓይኑን አልቀሙትም። የምቃወመው ቀኑ ታዝዞ፣ ቅርጹም አብሮ የሚታዘዝበትን አሠራር ነው።

ሌሎች መልሶችም እንደተዘጋጁ እገምታለሁ። “ውኃና መንገድ ሳይዳረስ ስለ ጥበብ መከራከር ቅንጦት ነው” ትሉ ይሆናል። በሙሉ ልብ እስማማለሁ፤ እንግዲያው አታሠሩ። ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ላይ ለሐውልት የተዘጋጀ አንድ መቆሚያ ከ1841 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ150 ዓመት በላይ ባዶውን ቆሟል፤ ከተማዋ አልፈረሰችም። ዛሬ በተራ አዳዲስ ሥራ ይቆምበታል፤ ከመመረጡ በፊትም የእጩዎቹ ትንንሽ ሞዴሎች ለሕዝብ ይታያሉ። የውኃው ገንዘብ የሚነሣው ግን ሐውልት ይሠራ ሲባል አይደለም፤ ሐውልቱ በደንብ ይታሰብበት ሲባል ነው። ለሲሚንቶው ያልጠፋ በጀት ለውድድሩ ይጠፋል።

“አርቲስት ከጠራን ይጣላሉ፣ ሥራው አያልቅም” የሚለውም ሐሰት አይደለም፤ ይጣላሉ። ይጣሉ እንጂ! በሸክላ ሞዴል ላይ የሚደረግ ጠብ ቢበዛ የሚሰብረው ሸክላ ነው። ሳይጣሉ ያቆሙትን በኋላ ማፍረስ ምን እንደሚያስከትል ሐረር በ2012 ዓ.ም. የራስ መኮንን ሐውልት ሲወድቅ አይታለች። “ሕዝቡ ጀበና ይወዳል” የሚለው መከራከሪያ ግን እጅግ ይከብደኛል፤ ማን ጀበና ይጠላል? ሕዝቡ የሚወደው ግን የሚቀዳበትን ጀበና ነው። ሁለት ፎቅ የሚያህል፣ ጉሮሮው በሲሚንቶ የተደፈነ ጀበና ከአደባባይ መሐል ሲቆም እንግዳ ተቀባይነታችንን ለመግለጽ ታስቦ ከሆነ፣ መልእክቱ ተገልብጧል።

ከሩቅ አገር ምሳሌ ካልጣማችሁ ከቤት ልጥቀስ። ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾ በ1890 ዓ.ም. መባቻ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማርኮ የካፋ መንግሥት እስኪያበቃ ድረስ፣ ነገሥታቱ ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሯቸው። ዘውድ የጫነ ንጉሥ ሰባት ሰው ሳያማክር አገር አይመራም ነበር። እናንተም ሰባት ብትሆኑ አይከፋም፤ ምናልባትም ከዚያ ትበዛላችሁ። ከገቢዎች፣ ከትራንስፖርት፣ ከውበትና መናፈሻ፣ ከሰላምና ጸጥታ አንዳንድ ሰው ይወከላል። የሚጎድለው ሐውልት የሚሠራው ሰው ብቻ ነው። አለ የሥነ ጥበባትና ዲዛይን ትምህርት ቤት ቀራፂ ማሠልጠን ከጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲም ከደጃችሁ ነው። ሁለት ቀራፂ፣ አንድ የታሪክ ሰው፣ አንድ የደን ባለሙያ፣ ከማንኪራ ቡና ለቃሚዎችም ሁለት ብታስገቡ የስብሰባ አበሉ ያን ያህል አይጨምርም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። የምረቃውን ቀን በመጨረሻ ቁረጡ። ጥያቄውን ከእነቦታው ለአገሪቱ ቀራፂዎች ሁሉ በግልጽ ውድድር አቅርቡ፤ መራጮቹ እነማን እንደሆኑ፣ የመረጡትንም ለምን እንደመረጡ በስማቸው ጽፈው ያሳውቁን። ለመጨረሻ ዙር የደረሱትን ሞዴሎች ለ3 ወር ለሕዝብ አሳዩ። ማሳያ አዳራሽ እንዳትቸገሩ ብሔራዊ የቡና ሙዚየምን አስታውሳችኋለሁ፤ ቦታ አያጣም። ከቀረቡት አንዱም ካልረባ “አንዱም አልረባም” ብላችሁ ጻፉና አደባባዩ ላይ ዛፍ ትከሉ፤ ዛፍ በካፋ ማንንም አሳፍሮ አያውቅም። ማንኪራ ደን ውስጥ ግን፣ ውድድርም ይኑር አይኑር፣ የክብር እንግዳው ማንም ይሁን ማን፣ እባካችሁ ምንም አታቁሙ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፤
አጀንዳ ቁጥር 1 ሆኖ እንዲያዝለት የሚጠይቅ ዜጋ