ክሮሚየሙን አይተኸዋል ወይ?

ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን፣ «በአቃቂ ወንዝ ዳር በሚበቅለው አትክልት ውስጥ ተመራማሪዎች ክሮሚየምና እርሳስ አግኝተዋል» ብዬ ብናገር ከግራም ከቀኝም ተነሡብኝ። የተነሣብኝን ሁሉ በየተራ እመልሳለሁ።

«አይተኸዋል ወይ?» ላልከኝ ወንድሜ፦ አላየሁም። አንተስ ቅድመ አያትህን አይተሃል? ሳታየው አይደል እንዴ በስሙ ውርስ የምትከራከረው! ከምናውቀው አብዛኛውን ያወቅነው በሰው ቃል ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ቃሉ ይፈተናል ወይስ አይፈተንም የሚለው ነው። ቆስጣውን አድርቀህ፣ ፈጭተህ፣ በአሲድ አሟሙተህ መሣሪያው ውስጥ ብትከተው የሚወጣው ቁጥር የማንንም ሃይማኖት አይጠይቅም። እኔን የሚጠላ ሰው በጥንቃቄ ቢለካውም ያው ነው።

«እኔ ዐይኔን ነው የማምነው፤ ሲያዩት ለምለም አይደል?» ላሉኝ እማማ፦ ልምላሜውማ እውነት ነው። ወንዙ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ ስለሚወርድ ማዳበሪያ አያጣም። ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም ግን ቅጠሉን ሳያጠወልግ፣ ጣዕሙን ሳይለውጥ በሥሩ ገብቶ ይቀመጣል። ሲያጥቡት ጭቃው ይሄዳል፤ ሲቀቅሉት ጀርሙ ይሞታል፤ ብረት ግን በእሳት አይሞትም። ዐይን ምስክር የሚሆነው ለሚያየው ነገር ብቻ ነው፣ እማማ።

«በስመ አብ ብሎ ለበላ ምንም አይነካውም» ላልከኝም፦ እኔም አማትቤ ነው የምበላው። ነገር ግን ፈታኙ «ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይደግፉሃል» ቢለው ጌታችን አልዘለለም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ «መጠየቅ መጠራጠር ነው፤ መጠራጠር ደግሞ ኃጢአት» ያልከው ነው። ጌዴዎንን ምን ልታደርገው ነው ታዲያ? ፀምሩን አውድማ ላይ ዘርግቶ ጠሉ በፀምሩ ላይ ብቻ ይሁን፣ ምድሩ ይድረቅ ብሎ ለመነ። ሆነለት፤ ሲጨምቀው ዕቃ ሙሉ ውኃ ወጣው። እዚያ ላይ ቢያቆም «ፀምር መቼም ውኃ ይይዛል» የሚል አይጠፋም ነበር። አላቆመም። በማግሥቱ ገልብጦ ጠየቀ፦ አሁን ደግሞ ፀምሩ ይድረቅ፣ ምድሩ ይራስ። ዛሬ በየቤተ ሙከራው አንዱን ምክንያት ከሌላው ለመለየት የሚሠሩበት መንገድ ይኸው ነው። እግዚአብሔር አልተቆጣውም፤ ሁለቱንም ጊዜ መለሰለት። ቤተ ክርስቲያናችንም ያን ፀምር የእመቤታችን ምሳሌ አድርጋ እስከ ዛሬ ታመሰግንበታለች።

«ሳይንስ የዛሬውን ነገ ይሽረዋል።» ይሽራል! ሻሪው ማን ሆነና? የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከአሲድ ነው ሲባል ዓመታት አለፉ። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል «ባክቴሪያ ነው» ቢል ብዙዎቹ አልሰማ አሉት። በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን ታመመ። በ2005 እ.ኤ.አ. ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ስህተቱን የሻረው የተሻለ ማስረጃ ነው እንጂ የጮኸ ሰው አይደለም።

ይኼን ሰምተህ «እንግዲያው ሃይማኖት ምን ያደርጋል?» ብለህ የሳቅከው ወጣት፣ አንተም አታመልጠኝም። መሣሪያው በአንድ ኪሎ ቆስጣ ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ይነግርሃል። ያን ቆስጣ የማታውቀው ሕፃን እንደሚበላው እያወቅህ ዝም ማለት በደል መሆኑን ግን የትኛው መሣሪያ ለካልህ? እኔ ይህንን ከእናቴ ጸሎትና ከቄሱ ተግሣጽ ተምሬዋለሁ፤ ከቁጥሩ ባልተናነሰ እርግጠኝነትም አውቀዋለሁ። እንጦጦ ማርያም ጸበል ላይ «ወይ ጸበሉን ወይ የኤችአይቪ መድኃኒቱን» በሚባልበት ዘመን፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸውና አብራችሁ ውሰዱ ብለው አስተማሩ። በዚህ ነገር ከዚያ የተሻለ መልስ አልሰማሁም።

«ገበሬው ነው ጥፋተኛው» ላላችሁ ደግሞ፦ ገበሬውን አትንኩብኝ! ሌላ ውኃ ቢያገኝ ሌላ ውኃ ያጠጣ ነበር።

የቀራችሁት «እኛ ፍሳሻችንን አጣርተን ነው የምንለቀው» የምትሉ ፋብሪካዎች ናችሁ። ላምናችሁ እፈልጋለሁ፤ ከልቤ ነው። ከቱቦው አፍ በየወሩ የተለካውን ቁጥር አጥራችሁ ላይ ለጥፉልን። እኛም የራሳችንን ጠርሙስ ይዘን እንመጣለን፤ በሩን ክፈቱ።