ማዕቀብ፣ ዕቁብ፣ ዐቀበት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ እህቴ ቤት ጉባኤ ተቀምጠን ነበር። አጀንዳው አንድ ነው፤ ሃያ አንድ ዓመት የሞላት ልጇ ወደ ሩሲያ የምትበርበትን ጉዞ ማሰናዳት። አቦሉ ላይ ፓስፖርቱን ወሰንን። ቶናው ላይ ቲኬቱን። በረካው ሲቀዳ ገና ያልተላከውን ብር ተከፋፈልን፤ እህቴ የቤቱን ቆርቆሮ ልትቀይር፣ የልጅቱ ታላቅ ወንድም ባጃጅ ሊገዛ፣ እኔም አጎት ነኝና እንደ ማዕረጌ አንድ ወፍራም ካፖርት እንዲላክልኝ አስመዘገብሁ። የደብረ ማርቆስን ብርድ የምታውቁ አትፈርዱብኝም። ልጅቱ ገና ፓስፖርት የላትም። የተባለው ሥራ ምን እንደሆነ በእርግጥ የሚያውቅም ከመካከላችን አልነበረም። አስተዋይ ቤተሰብ ጉዞ የሚያቅደው እንዲህ ነው፤ ከመጨረሻው ይጀምርና መጀመሪያው ላይ ሳይደርስ መርቆ ይነሣል።

ነገሩን ያመጣው ስልክ ነው። ነጻ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ነጻ ማደሪያ፣ በዶላር የተሰላ ደመወዝ የሚል ማስታወቂያ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መጥቶ እኛ ቤት ዐረፈ። ከሥሩ የደላላ ቁጥር አለ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ራሱን ደላላ አይልም፣ «አማካሪ» ነው የሚለው። ቲኬቱ ነጻ ስለሆነ የጠየቀው ገንዘብ የቲኬት አይደለም፤ የነጻነቱ ማስፈጸሚያ ነው። እህቴ ያንን ለመክፈል የዕቁቧን ዕጣ ሰው ለምና አስቀደመች። ነጻ ነገር ውድ እንደሆነ ድሮም እናውቃለን።

ሁሉም በሰላም እየሄደ ሳለ አንድ ክፉ አፍ ያለው ሰው «አገሩ እኮ ማዕቀብ ተጥሎበታል ይባላል» አለ። ክፉ አፍ ያለው እኔው ነኝ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ የእጣኑ ጭስ እንኳ ቀጥ ብሎ የቆመ መሰለኝ። ደግነቱ ጎረቤታችን የኔታ ነበሩ። የኔታ ወጣትነታቸውን ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲቆጥሩ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ አንድን ቃል ከነሥሩ ሳይነቅሉ አያሳልፉትም። «ዐቀበ ማለት ጠበቀ ማለት ነው» አሉ። «ዐቃቤ ሕግ ሕግ ጠባቂ ነው። ዕቁብም የተጠበቀ ገንዘብ ነው። እንግዲህ ማዕቀብ የተጣለበት አገር፣ የተጠበቀ አገር ነው።» ይህን ሲሉ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ትንሽ ነገር አይቻለሁ። እህቴ ግን ወርቁን ለሌላ ቀን ትታ ሰሙን ይዛ «ተመስገን!» አለች። ቡናው ቀጠለ።

የተጠበቀ አገር መሆኑስ እውነት ነው። ሩሲያ የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ዩክሬን ላይ ከዘመተች በኋላ ዓለም እንዴት እንደጠበቃት ተመልከቱ። በቀናት ውስጥ የአውሮፓ ኅብረት ሰማዩን ለሩሲያ አውሮፕላኖች ዘጋ። ቦይንግና ኤርባስ መለዋወጫ መላክ አቆሙ። ሰባት የሩሲያ ባንኮች ስዊፍት ከሚባለው የባንኮች መነጋገሪያ እንዲወጡ ተደረገ። ቪዛና ማስተርካርድም ከመጋቢት መግቢያ ጀምሮ ከአገሩ ወጡ፤ ስለዚህ ዛሬ ሩሲያ ቪዛ ትሰጣለች እንጂ ከውጭ የመጣ የቪዛ ካርድ አይሠራባትም። የእኛ መንግሥት በበኩሉ ነገሩን በብልሃት ይዞታል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ወረራውን አውግዞ 141 አገሮች እጃቸውን ባወጡበት ዕለት የኢትዮጵያ ድምፅ ድጋፍም፣ ተቃውሞም፣ ድምፀ ተዓቅቦም ውስጥ አልተቆጠረም። ዕለቱ የካቲት 23 ነበር፤ ዐድዋ። በዓል ላይ ነበርን።

የአዲስ አበባ ሞስኮ በረራ ግን አለ፤ አየር መንገዳችን ይበራል። የማዕቀብ ረቂቅነቱ እዚህ ላይ ነው። ሰው ያሳልፋል፣ ገንዘብ ያስቀራል። ልጃችን በደኅና ትደርሳለች፤ የማይደርሰው ደመወዟ ነው። ለዚህም ጉባኤው መላ አላጣም። ሩብሉን እዚያ ላለ አንድ ሰው ትሰጣለች፤ ያ ሰው ዱባይ ላለ ወዳጁ ይደውላል፤ የዱባዩ ለመርካቶው ይነግራል፤ የመርካቶው ደግሞ ማርቆስ ላለ ባለ ሱቅ አስታውቆ እህቴ ከሱቁ ብሯን ትቀበላለች። እያንዳንዱ ለድካሙ ትንሽ ቆንጥሮ። አራት የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ደረሰኝ የለም፣ ፊርማ የለም። ጎረቤት ለጎረቤት በሚጣል ዕቁብ ላይ ዳኛ፣ ጸሐፊና ሁለት ዋስ ካልተጠራ ዕጣ የማናወጣ ሰዎች በዚህ በአንድ ድምፅ ተስማማን። እምነት ተራራ ያፈልሳል ይባላል፤ ሩብል ግን አፍልሶ እንደሆነ እናያለን።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ካልተናገርሁ ያንቀኛል። ማዕቀብን ለጎጃም ሰው ማስተማር፣ ጤፍን ለአደት ገበሬ እንደማስተዋወቅ ነው። እኛ እኮ ለእኛው ሲባል የተጣለ ማዕቀብ አይተናል። ኢጣሊያ በወረረችን ጊዜ የመንግሥታት ማኅበር ኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ማዕቀብ ጣለባት፤ መሣሪያ አትሽጡላት፣ አታበድሯት፣ ዕቃዋን አትግዟት አለ። ነዳጅ ግን ከዝርዝሩ ወጣ። የስዊዝ ቦይም ክፍቱን ቀረ፤ መርከቦቿ እየከፈሉ አለፉ። በግንቦት ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገባ። በሐምሌ ማዕቀቡ ተነሣ፤ ሥራውን ጨርሶ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የማዕቀብ አገር አውሮፕላን በጎጃም ሰማይ ላይ ሲመላለስ ቪዛ አልጠየቀንም፤ ጭነቱንም የሚያወርደው ሳያርፍ ነበር።

እናም እህቴ «ማዕቀብ ማንን ገድሎ ያውቃል?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። የተጣለበትን እንኳ አልገደለም።

ወደ ሩሲያ ለመሻገር ወንዶቹም በጊዜያቸው ሞክረዋል። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ መቶዎች ተሰልፈው ነበር፤ ወታደር የነበሩ የአገልግሎት ወረቀታቸውን ይዘው። ሩሲያ ለዘማች ትከፍላለች የሚል ወሬ ነው ያሰለፋቸው። ኤምባሲው ወታደር እንደማይመለምል አስታወቀ፤ ሰዎቹ የመጡት አጋርነታቸውን ሊገልጹ ነው አለ። ለአጋርነት መግለጫ የውትድርና መሸኛ ይዞ መሰለፍ ጨዋነታችንን ያሳያል። ከደመወዝ በፊት ፍቅር!

የሴቶቹ ደግሞ የሠለጠነ ነው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ አሶሼትድ ፕሬስ የዜና ወኪል ያወጣውን ምርመራ ያነበበ ሰው ታታርስታን ውስጥ ያለውን አላቡጋ የተባለ የኢንዱስትሪ ቀጣና ያውቀዋል። ከሞስኮ በስተምሥራቅ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ18 እስከ 22 ዓመት የሆኑ አፍሪካውያት በነጻ ቲኬት፣ በገንዘብና በአውሮፓ ኑሮ ተስፋ ተጠሩ። የመግቢያ ፈተናው አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ መጫወትና መቶ የሩሲያኛ ቃላት ማወቅ ነበር። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ቢያዩ ያፍራሉ፤ አራት ዓመት ሙሉ ምን ሲያስተምሩ ኖሩ? መስተንግዶ ትሠራላችሁ የተባሉት ልጆች ሲደርሱ የጠበቃቸው የድሮን መገጣጠሚያ ነው፤ ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካልም አብሮ። መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የዩክሬን ድሮን እዚያው ግቢ ያለውን ማደሪያ መታ። ነጻ ማደሪያ የተባለው ይህ ነው።

የእህቴ ልጅ የተጠራችው እዚያ ነው አላልሁም። የት እንደተጠራች «አማካሪውም» አላለም። ለዚህ ነው ጉባኤው ዝርዝሩን ትቶ ቋንቋው ላይ ያተኮረው። መምህርም አልጠፋም። ጋሼ አሉልን፤ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ተልከው አምስት ዓመት ኦዴሳ የኖሩ፣ እስከ ዛሬ ሦስተኛ መለኪያ አረቄ ላይ ሲደርሱ ሩሲያኛ የሚናገሩ። በእሳቸው ዘመን አውሮፕላን ተሳፍሮ የሄደ ዲግሪ ይዞ ይመለስ ነበር፤ ዕድል የቀናውም ላዳ ያስከትል ነበር። «መቶ ቃል ምን አላት፣ በሁለት ሳምንት አስጨብጣታለሁ» ብለው ዕለቱን ጀመሩ። ዳቦ፣ ውኃ፣ ደኅና ዋሉ፣ አመሰግናለሁ። ልጅቱ ፈጣን ናት። አሥር ቃል ሳትሞላ «ጋሼ፣ ‹ልመለስ እፈልጋለሁ› በሩሲያኛ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «እሱ ከመቶው ውስጥ አይገባም» አሏት።

ኦዴሳ ዩክሬን ውስጥ ናት። በየሌሊቱ ድሮን የሚወርድባት ከተማ ናት፤ አላቡጋ ከሚገጣጠመው ዓይነት። ጋሼ በወጣትነታቸው ስለተመላለሱበት የባሕር ዳርቻ ሲያወሩ ዐይናቸው ዕንባ ያቀርራል። ለዚያ ዘመን ክብር ሲሉም ልጅቱን ያለ ክፍያ ያስተምራሉ። ሁለቱን ነገር ያገናኘ ሰው በጉባኤው ላይ አልነበረም፤ እኔም ካፖርቴን አስቤ ዝም አልሁ።

ወደ ጉዞው ዕቅድ እንመለስ። ከማርቆስ ሞስኮ የሚደርስ ሰው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። ኢንተርኔት፣ ፓስፖርትና መንገድ። ኢንተርኔቱ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን ለወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ የኮምፒውተር ጨዋታ ፈተናውን እንዴት እንደምናልፍ አላውቅም፤ ገበጣ ቢቀበሉን ግን ከታታርስታን እስከ ሳይቤሪያ የሚያሸንፈን የለም። ፓስፖርቱ በመደበኛው 5,000 ብር፣ በሁለት ቀን ይድረስ ካላችሁ 25,000 ብር ነው። እህቴ የሁለት ቀኑን መረጠች። የቸኮለ ሰው አይደራደርም፤ ቆርቆሮው እያፈሰሰ ነው።

መንገዱ ግን ጉድ ነው። ደብረ ማርቆስ የአውሮፕላን ማረፊያ ኮድ አላት፤ ዲ ቢ ኤም። በዲሲ 3 ዘመን አውሮፕላን ያርፍ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎች። ለእኔ ትውልድ በረራ ማለት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲከዳው ነው። አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ደጀን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ትወርዳለህ፤ ድልድዩን ተሻግረህ ወደ ጎሐ ጽዮን ትወጣለህ። የኔታ ያልጠሩት ሦስተኛው ቃል ይኼ ነው፤ ዐቀበት። በደኅናው ዘመን ዐቀበቱን የሚያከብደው ከባድ መኪና ነበር። አሁን የክልላችን ጦርነት ነው። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ፍተሻው በዝቷል፣ የታገተ ሰው አለ፣ ሹፌር ከመውጣቱ በፊት ደውሎ ይጠይቃል። እኛ በዋሽንግተንና በብራስልስ ማዕቀብ የምንስቀው፣ ጎሐ ጽዮን ለመድረስ የምናስፈቅደውን ሰው ሳናውቅ ነው።

ያም ሆኖ ዝግጅቱ አልቆመም። እህቴ በሶ አስፈጭታለች፤ የሞስኮ ብርድ ላይ በሶ ጥሩ ነው ብለው ጋሼ ነግረዋታል። በርበሬውን በሦስት ላስቲክ ደርባ አሽጋለች። የሸኚዎች ስም ዝርዝር ወጥቷል፤ ቦሌ ድረስ የሚሄዱ ዐሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፣ እኔ ሦስተኛ ነኝ። ሲመለሱ የት እንደሚያድሩም ተነጋግረናል። የሸኚዎቹን መመለሻ ማለቴ ነው።

ማክሰኞ ሌሊት በ11 ሰዓት ልጅቱ ለፓስፖርቷ ወደ አዲስ አበባ ልትሳፈር ከእናቷ ጋር መነኻሪያ ወረደች። አራት ሰዓት ላይ ተመልሰው መጡ። አውቶቡስ አልወጣም፤ ደጀን ላይ መንገድ ተዘግቷል።