አእምሮ በስንት ነጥብ?

እሳት የሚተፋ ዘንዶ ቢመጣ ማንም አይጠይቅም። በአንድ ቃል ግድግዳ የሚያፈርስ ጠንቋይ አለ ቢባል፣ እሺ። ሞቶ በማግስቱ የሚነሳ ጓደኛም ማንንም አያስገርምም። አንዱ ተጫዋች ግን «የኔ ሰው በሐሳቡ ብቻ ወንበር ያነሳል» ያለ እንደሆነ ጠረጴዛው ይታወካል። ኧረ ይኼማ በዛ! ስንት ወንበር? በቀን ስንት ጊዜ? በስንት ነጥብ?

የማወራው ስለ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ፣ አንዱ ተራኪ ሆኖ፣ የቀሩት ተዋጊ፣ ሌባ፣ ጠንቋይ የመሳሰለ ሙያ መርጠው፣ ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱት የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ካወጡት ወዲህ ብዙ ነገሩ ተስተካክሏል። «ሳይዮን» የሚሉት፣ በአእምሮ ኃይል የሚሠራው ሙያ ግን ሂሳቡ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በየጊዜው አንድ ብልህ ይነሳና የቀድሞው ሰው አበላሽቶታል ብሎ ከዜሮ ይጀምራል።

የመጀመሪያዎቹ ነገሩን ለዕድል ነበር የተዉት። በ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ የአእምሮ ኃይል ከኋላ በአባሪነት ገባ። የሚያገኘው ከመቶ አንድ ያህል ሰው ሲሆን፣ ለመሞከር እንኳ ቀድሞውኑ በብልህነት፣ በአስተዋይነት ወይም በግርማ የታደለ መሆን ነበረበት፤ ላለው ይጨመርለታል ማለት ነው። ጠቡ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። ሁለት ባለ አእምሮዎች ከተጋጠሙ፣ ባለ ጎራዴው አንድ ዙር እስኪጨርስ እነሱ አሥር ጊዜ ይጠቃቃሉ። የቀሩት ተጫዋቾች ድንች ጥብስ እየበሉ ይጠብቃሉ።

የነጥቡ ሂሳብ በደንብ የተደራጀው በ2004 በብሩስ ኮርዴል መጽሐፍ ነው። ሳይዮኑ በአንደኛ ደረጃ 2 ነጥብ፣ በአሥረኛ 88፣ በሃያኛ 343 ነጥብ ይዞ ይነሳል፤ ኃይሉን በተጠቀመ ቁጥር እየቆረጠ ይከፍላል። ልክ እንደ ስልክ ካርድ፣ ሞልተኸው በመጀመሪያው ጥሪ ልትጨርሰው ትችላለህ። ይኼን ለመከላከል መጽሐፉ አንድ ግልጽ አንቀጽ አስቀምጧል፦ በአንድ ኃይል ላይ ከደረጃህ በላይ ነጥብ ማውጣት አትችልም። አሥረኛ ደረጃ ከሆንክ 88ቱን ይዘህም ቢሆን በአንዴ ከ10 አታልፍም። አለቀ።

አንቀጹን ግን ያነበበው ጥቂት ነው። ስንቱ ጠረጴዛ ላይ ሳይዮኑ 88ቱን በአንድ ጭብጥ አውጥቶ አለቃውን ዘንዶ አመድ አድርጎታል! ተራኪው በንዴት «ይኼ ሙያ ተበላሽቷል፣ ከቤቴ አይገባም» ይላል። ሳይዮኑም ምን ያጠፋሁት ነገር አለ በሚል ፊት ያየዋል። መጽሐፉ መካከላቸው ተከፍቶ ተቀምጧል፤ የተከፈተው ግን ሥዕሉ ያለበት ገጽ ላይ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም የሚሻለው ሂሳብ ይኼው ነበር። ሆኖም ሕጉን ከማንበብ ሕጉን መለወጥ ይቀላልና ለዋጮቹ አላረፉም።

በ2010 ነጥቡ ትንንሾቹን ኃይሎች ማጠንከሪያ ብቻ ሆነ። ተጫዋቾቹ ወዲያው ርካሹንና አዋጪውን መርጠው፣ ከጠዋት እስከ ማታ እሱኑ ይደጋግሙ ጀመር። ከ2015 እስከ 2017 ደግሞ «ሚስቲክ» የተባለ ሙያ ሦስት ጊዜ ለሙከራ ወጣ። የሌባውንም፣ የተዋጊውንም፣ የሐኪሙንም ሥራ ጠቅልሎ የሚችል ሆኖ ተገኘና መጽሐፍ ሳይሆን ቀረ።

ከሁሉ የምወደው ግን የ2020ውን ነው። ነጥብ መቁጠር ሰው ሰልችቶታል ተባለና አንድ ዳይስ ብቻ መጣ። ስድስት ፊት ያለው ዳይስ ተሰጠህ እንበል። ጥለኸው ስድስት ከወጣ ዳይሱ አነሰ፤ ባለ አራት ፊት ሆነ። በባለ አራቱ አራት ከወጣልህ ደግሞ ተኝተህ እስክትነሳ ድረስ ዳይስ የለህም። አንድ የወጣልህ እንደሆነ በተቃራኒው ያነሰው መልሶ ያድጋል። እስቲ አስቡት፦ በዚህ ጨዋታ ሰው ሁሉ ትልቅ ቁጥር ለማግኘት ዳይሱን ይስማል፣ እፍ ይልበታል። ባለ አእምሮው ግን ስድስት ሲወጣለት ጓደኞቹ ያጨበጭባሉ፣ እሱ ግንባሩን ይይዛል። አንድ ሲወጣ እነሱ ሲያዝኑለት እሱ እልል ይላል። የአእምሮውን ኃይል ወደ ጠላት አነጣጥሮ «ባክህ ሦስት አድርግልኝ» ብሎ የሚለማመን ጀግና ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በኖቬምበር በወጣው መጽሐፍ፣ ያ ዳይስ ቀርቶ በቁጥር የተወሰኑ ዳይሶች ተተኩ። ሲጀምር አራት፤ ስትጠቀምባቸው ትቆጥራለህ፣ ሲያልቁ ያልቃሉ። ነጥቡ ማዕዘን አውጥቶ ተመለሰ ማለት ነው።

ኦፊሴላዊውን ያልወደደ ደግሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይቀይሳል። እነዚህን ሰዎች ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ኤክሴል ከፍቷል፤ አንዱ አምድ «ነጥብ»፣ ቀጣዩ «ትኩረት»፣ ሦስተኛው «ድካም»፣ አራተኛው በቀይ «የአፍንጫ ደም»። አእምሮ ሲደክም ሰውነት መክፈል አለበት ባይ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ የጨዋታ ቀያሹ የማት ኮልቪል ድርጅት ኤም.ሲ.ዲ.ኤምም ነጥቡን ጥሎ ጫና የሚጠራቀምበት፣ ከልክ ሲያልፍ ባለቤቱን የሚገድል ሥርዓት አውጥቷል። ቀያሹ ያልቆጠረው ተጫዋቹን ነው። ዋጋውን ደም ብታደርገው፣ ተጫዋቹ ደም የሚመልስ ጓደኛ አጠገቡ ያስቀምጣል። ድካም ብታደርገው፣ ድካም የማይነካው ዘር ይመርጣል። ቀያሹ ሦስት ሳምንት የደከመበትን ዋጋ፣ ከፋዩ የፒዛው ሳጥን ሳይከፈት ማምለጫ ያገኝለታል።

ጠንቋዩን ማንም እንዲህ አያስጨንቀውም። በቀድሞዎቹ ሕጎች የሱ ድግምት ከተደገመ በኋላ ከጭንቅላቱ ይጠፋ ነበር፤ ሐሳቡ ከጃክ ቫንስ የ1950 የልብ ወለድ መጽሐፍ የተወሰደ ነው። ዓለምን ለማዳን የተሰለፈ ሊቅ ትናንት ያጠናውን ዛሬ ረሳሁ ሲል፣ ይኼ ነገር ለአእምሮ አይስማማም ያለው ሰው ጥቂት ነው። ለምደውታላ!

በሜይ 2025 ሳይዮን እንደገና ለሙከራ ወጥቷል። ይኼኛው ሁለቱንም ይዟል፦ እንደ ጠንቋይ ድግምት አለው፣ በላዩ ላይ የሚቆጠሩ ዳይሶች። አንዱ ወገን «ድግምት ከሰጣችሁትማ ጠንቋይ ነው» ይላል፤ ሌላው «ዳይሶቹ ደግሞ ለምን አስፈለጉ?» ይላል። ተጫዋቹ ግን ሁለት መዝገብ ተሰጠው ብሎ አይጨነቅም። በር ላይ የቆሙ ሁለት ዘበኞች አየ፤ በአንዱ መዝገብ የመጀመሪያውን አዞረ፣ በሌላው ሁለተኛውን ከግድግዳ አላተመ። ዳይሶቹን አራገፈ፣ ድግምቱን ጨረሰ። ከዚያም ላጲስ የበላው ወረቀቱ ላይ ዜሮ ጽፎ ቀና አለ።

«አሁን ስምንት ሰዓት ብንተኛስ?»

«ገና ቁርስ አልበላችሁም» አለው ተራኪው።