ሐዋሳ ሄዶ ሐይቅ ማጣት

ሐዋሳ ልንሄድ ነው ሲባል ቤቱ ሁሉ ደስ ይለዋል። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዓርብ ከሥራ ወጥቶ የሚነሳ አለ፣ ቅዳሜ በሌሊት የሚነሳ አለ። ልጆች ጦጣና ጉሬዛ ያያሉ፣ ትልልቆቹ ዓሣ ይበላሉ፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ አየር ይወሰዳል። ከዚህ ያለፈ ነገር የጠየቀ የለም። ታዲያ ይህችኑ ለማግኘት የምናየው አበሳ ለምን ይበዛል? ለጎረቤትም፣ ለሥራ ባልደረባም፣ ከአሜሪካ ለመጣ ዘመድም ቢነገር ሁሉም የራሱን ይጨምርበታል እንጂ "እኔ ላይስ አልደረሰም" የሚል አይገኝም።

ከአልጋው እንጀምር። ደውላችሁ ስትጠይቁ "አለ፣ ኑ ብቻ" ነው መልሱ። ዋጋውም ይነገራችኋል። ስትደርሱ ግን የተነገራችሁ ዋጋ ቫት የለበትም። 15 ከመቶ ቫት፣ ብዙ ቦታ ደግሞ 10 ከመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል፤ 4 ሺህ ብር የተባለው አልጋ በዚህ ስሌት 5 ሺህ ይሞላል። ግብር አንከፍልም ያለ የለም። የሚያናድደው ሻንጣ ወርዶ፣ ልጅ እንቅልፍ ጥሎት፣ ሌላ ቦታ መፈለግ በማይቻልበት ሰዓት መነገሩ ነው። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ዘመድ አብሯችሁ ካለማ በዶላር የተሰላ ሌላ ዋጋ ይወጣል። ስለዚህ ስትደውሉ "ጠቅላላ፣ ቫቱን ጨምሮ፣ ቁርሱን ጨምሮ ስንት?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በቴሌግራም ጽፈው እንዲልኩላችሁ አድርጉ።

"ሐይቅ የሚያሳይ ክፍል" የሚባለውንም ሳታዩ አትክፈሉ። እኛ ባረፍንበት አንድ ሆቴል ለዚሁ ተብሎ ተጨማሪ ከፍለን፣ መጋረጃውን ስንገልጠው የታየን የጄኔሬተር ቤት ቆርቆሮ ነው። ሐይቁ በሁለት ሕንፃዎች መካከል፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ለሚፈልገው፣ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። ማታ ደግሞ ግቢው ውስጥ ሠርግ ነበር። ድምፅ ማጉያው ከመስኮታችን ሥር ተተክሎ እናቴ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ቀረች። ለተረኛው ስንነግረው "ምን ላድርግ፣ ባለሠርጎቹ ከፍለዋል" አለን። እኛስ አልከፈልንም? የሠርግ አዳራሽና የማረፊያ ክፍል በአንድ ግቢ የሚያከራይ ባለሆቴል ቢያንስ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ድምፁን መቀነስ እንዴት ያቅተዋል! አልጋ ስትይዙ ያን ቀን ሠርግ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም።

በዓል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ሲነግሥ ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል። የሲዳማ የዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ የማይዳሰስ ቅርስ ነው፤ ሲከበርም ከተማዋ ትሞላለች። ሰው ሲበዛ ዋጋ መጨመሩ የገበያ ጠባይ ነው እንበል። ቀብድ የተቀበሉበትን አልጋ የተሻለ ለከፈለ ሰጥቶ ባለቀብዱን "ስልክዎ አልሠራ ብሎ ነው" ብሎ መመለስ ግን የገበያ ጠባይ አይደለም፤ ነውር ነው። ስለት ይዘው የመጡ አዛውንት ጋቢያቸውን ተከናንበው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ የሚያድሩት ሁሉ ለበረከት ብለው ብቻ አይደለም። አልጋው ከአቅም በላይ የሆነባቸው አሉ።

ይህ ሁሉ ግን ከሐይቁ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ጠዋት ወጥቶ ውሃውን ሲያይ ይረሳዋል። የእኛ ትልቁ ብሶት ውሃውን ማየቱ ላይ ነው።

ፍቅር ሐይቅ በሚባለው በኩል አሁንም እንደ ልብ መራመድ ይቻላል። አመሻሹ ላይ ሰው ከልጁ ጋር፣ ከእጮኛው ጋር ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ለእንግዳ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው እሱን ነው። ከዚያ አልፋችሁ ዳር ዳሩን ልሂድ ስትሉ ግን አጥር ይገጥማችኋል። አጥሩን ዞራችሁ ወደ በሩ ስትመጡ "መግቢያ ክፈሉ" ወይም "ካልተጠቀማችሁ መቀመጥ አይቻልም" የሚል ጥበቃ አለ። መጠቀም ማለት ከተማው ውስጥ ከሚሸጥበት ዋጋ እጥፍ የሚሆን ለስላሳ መግዛት ነው። አምስት ልጅ ይዞ በባጃጅ የመጣ የከተማው ነዋሪ ይህን ከየት ያምጣው? ሐይቁ አጠገብ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሐይቁን በአጥር ቀዳዳ ማየት አለበት? ባለሀብት ይሥራ፣ ሥራ ይፍጠር፣ ያትርፍ። ዳርቻው ላይ ግን ለሕዝብ መሄጃ ሊተውለት ይገባ ነበር።

ጀልባውም አለ። ጉማሬ ለማየት ወደ ጥቁር ውሃ በኩል የሚወስዱ ባለጀልባዎች ሞልተዋል፤ ብዙዎቹ ጨዋና ውሃውን የሚያውቁ ናቸው። በእናንተና በእነሱ መካከል ግን ደላላ ይገባል። ከመኪና ሳትወርዱ ይከባችኋል፤ ለአንዱ የጠራውን ዋጋ ለሌላው አይደግመውም፤ "በሰው ነው" ያለው ስትመለሱ "በሰዓት ነው ያልኩት" ይሆናል። ተለጥፎ የሚታይ ታሪፍ ቢኖር ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ አይኖርም ነበር። ላይፍ ጃኬት ስትጠይቁም "አያስፈልግም፣ ውሃው ጸጥ ያለ ነው" ይባላል። ጸጥ ያለውም ውሃ ያሰጥማል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ሐይቁ ይናወጣል። ለያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ካልተሰጠ አትሳፈሩ፤ ጠዋት ሂዱ፤ ጉማሬው ዘንድ "ትንሽ ጠጋ በል" ብላችሁ ባለጀልባውን አትገፋፉት። ልጆቻችሁን ሐይቁ ዳር እንዲዋኙም አትፍቀዱ፣ ቢልሃርዚያ አለበት።

አሞራ ገደል የሚባለው የዓሣ ገበያ በማለዳ መታየት አለበት። ዓሣ አጥማጆቹ ከውሃው ሲመለሱ ቆሮሶና አምባዛ ከጀልባው ይራገፋል፤ ወጣቶቹ ቢላዋ ይዘው ቆሮሶውን ሲገፉት፣ አጥንቱንና ሥጋውን ሲለያዩት ዓይን እንኳ አይከተላቸውም። አንጀቱ ሲወረወር ራሱ መላጣ የሆነው አባ ኮዳ የሚባል ወፍ ከአጠገባችሁ ተንደርድሮ ይለቅመዋል። ጥሬውን በዳጣና በዳቦ የሚበላ አለ፤ ለማይደፍረው ጥብሱና ሾርባው አለለት። እንዲህ ያለ ጠዋት በአገራችን ብዙ ቦታ አይገኝም።

እዚያው ቆማችሁ እግራችሁ ሥር ስታዩ ደግሞ ሌላ ነው። የላስቲክ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ የሙዝ ልጣጭ። ይህን የጣለው ባለሆቴሉ ብቻ አይደለም፤ እኛ እንግዶቹ ነን። ለጦጣ ብስኩት ከነላስቲኩ የምንወረውር፣ ከዚያ ጦጣዋ የሌላውን ልጅ ምሳ ስትነጥቅ "ለመዱ" የምንል እኛው ነን። የሐዋሳ ሐይቅ ከላዩ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። የገባበት ቆሻሻ ጠርጎ የሚወስደው የለም፤ እዚያው ይቀራል። ዘንድሮ የጣልነው ላስቲክ ልጆቻችን ትልቅ ሆነው ሲመጡ ይጠብቃቸዋል።

ለከተማው አስተዳደር የምንለው ብዙ አይደለም። የጀልባ ታሪፍ በትልቁ ጽፋችሁ መሳፈሪያው ላይ ስቀሉልን። ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ሰው እንዳይጭን ከልክሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ሳይከፍልና ሳይለማመጥ ሐይቁን ዳር ዳሩን የሚሄድበት መንገድ አስከብሩልን፤ አጥር ውሃው ድረስ የዘለቀበት ቦታ ካለ አጥሩ ወደ ኋላ ይመለስ።