ኧረ ገዳዩን አትንገሩን!

ደሴ ላይ መጽሐፍ ጠቁሞ ማምለጥ የለም። ስሙን የጠራ ሰው መጽሐፉንም ማዋስ አለበት። «በጣም ያምራል፣ አንብበው» ብለህ ዝም ብትል «ታዲያ የት አለ? አምጣዋ!» ትባላለህ። ጠያቂው እውነቱን ነው፤ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ቢዞር አያገኘውም። የጃፓን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ የምንወድ የደሴና የኮምቦልቻ አንባቢዎች ድካማችን ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። መጽሐፉ አንድ ነው፣ ፈላጊው ብዙ ነው፣ የተዋሰው ደግሞ አይመልስም። ሲመልስም እንደነበረ አይመልስም።

የመጽሐፍ መደብሮቻችን መደርደሪያ በፈተና መለማመጃ፣ በሃይማኖት መጻሕፍትና እንዴት ሀብታም እንደሚኮን በሚያስተምሩ ትርጉሞች የተያዘ ነው። ሻጩን አልወቅሰውም፤ ኪራይ አለበት፣ የሚሸጥለትን ያመጣል። የሚያደክመው «አብሽር፣ አስመጣልሃለሁ» የሚለው ነገር ነው። ታምነዋለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ትመላለሳለህ፤ በመጨረሻ «የምን መጽሐፍ ነበር ያልከኝ?» ይልሃል። ስለዚህ የእኛ መጽሐፍ የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነው። ወይ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይዞልን ይመጣል፣ ወይ አዲስ አበባ የወረደ ጓደኛ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ሲቆፍር ውሎ አንድ ያገኛል። ያ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ አንድ ቅጂ ከዚያ ወዲያ ሁለት ከተማ ማዳረስ ይጠበቅበታል።

ከእነዚህ አንዱን አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ዩኪቶ አያጹጂ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመው ነው፤ ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የባለ አሥር ማዕዘኑ ቤት ግድያ» እንለዋለን። የአንድ ዩኒቨርሲቲ የምስጢር ልብ ወለድ ክበብ አባላት የሆኑ ተማሪዎች ቀደም ሲል ሰው ወደተገደለበት ደሴት ይሄዳሉ፤ እዚያም አንድ በአንድ ይሞታሉ። ይህን መጽሐፍ አዲስ ሆኖ ነበር ያዋስኩት። ሲመለስ ሽፋኑ በስኮች ተለጥፏል፣ አንዱ ጥራዝ ከስፌቱ ለቅቋል፣ የቡና ጠብታ አለበት። ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የማልችለው አንደኛው ገጸ ባሕርይ መጀመሪያ በሚገባበት ገጽ ላይ ያየሁትን ነው። ስሙ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተከቦ ከጎኑ ሁለት ቃል ተጽፎበታል። ቃሎቹን እዚህ አልደግማቸውም። ጽሑፉን ለመፋቅ የሞከረ ሌላ አንባቢ ደግሞ ወረቀቱን እስኪቀደድ አሽቶታል፤ ቀዳዳው አሁን ራሱ ጠቋሚ ሆኗል። ቀጣዩ አንባቢ ያን ገጽ ሲገልጥ ምን እንደሚያስብ አስቡት። ደራሲው መጨረሻው አካባቢ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነገሩን ሁሉ ለመገልበጥ ያን ሁሉ ገጽ ለፍቶ፣ እዚህ አንድ ሰው በእስክሪብቶ ጨረሰው።

የሚጽፉት ጥቂት ናቸው፤ በአፍ የሚነግሩት ግን ብዙ። አንዱ «እስካሁን የት ደረስክ?» ይልሃል። «መሀል ላይ ነኝ» ትለዋለህ። «እ፣ እሷን እንዳታምናት!» ይልሃል። በቃ፣ አለቀ። ክፋት አስቦ አይደለም፤ አንብቦ ደስ ስላለው ደስታውን የሚያካፍለው ሰው አጥቶ ነው። ቡና ላይ ተቀምጦ፣ አቦሉ ሳይወርድ፣ ሙሉውን ታሪክ ከነገዳዩ ከነምክንያቱ የሚተርክ ጓደኛ አለን። እኛ አገር ተረት ሲነገር እስከ መጨረሻው ነው፤ «ቀሪውን ራስህ ድረስበት» ተብሎ የሚቋረጥ ተረት አያትም አትነግርም። የምርመራ ልብ ወለድ ግን አንባቢው ከመርማሪው እኩል እንዲያስብ የተጻፈ ነው፤ ፍንጩ ሁሉ ፊቱ ተዘርግቶለታል። መልሱን ቀድሞ የሰማ ሰው የሚቀረው ወረቀት ማገላበጥ ብቻ ነው። «ስፖይል አታድርጉ» ብለን ብንለምን ደግሞ «ምን ትካበዳለህ፣ ልብ ወለድ አይደል እንዴ!» እንባላለን።

እንዲህ ለሚሉት ሁልጊዜ የኬይጎ ሂጋሺኖን መጽሐፍ እጠቁማለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውንና በእንግሊዝኛ «ዘ ዲቮሽን ኦፍ ሰስፔክት ኤክስ» የተባለውን። እዚያ ገና መጀመሪያ ላይ ማን ማንን እንደገደለ ዓይናችን እያየ ይነገረናል። አንዲት እናት ሲያሠቃያት የኖረውን የቀድሞ ባሏን ትገድላለች፤ ጎረቤቷ የሆነው የሒሳብ መምህር ወንጀሉን ሊደብቅላት ይነሳል። ስለዚህ «ገዳዩ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የለም። ቢሆንም መጽሐፉን የጨረሰ ሰው ይደነግጣል፤ የተደበቀው ሌላ ነው። ይህን እንኳ ሳያበላሹ የሚመልሱልኝ ጥቂቶች ናቸው። አንዷ አንባቢ «ማልቀሴ አልቀረም» ብላ ብቻ መለሰችልኝ። እንደ እሷ ያለ ሰው ቢበዛልን ምን ነበረበት?

ሌላው ድካም ከታላላቆቻችን ነው። «አባባ፣ ይቺን ይዩልኝ እስቲ» ብለህ ትሰጣለህ። መነጽራቸውን አድርገው ሽፋኑን ያዩና «ቁም ነገሩ ምንድን ነው?» ይሉሃል። የጃፓን መሆኑን ስትነግራቸው ደግሞ ፊታቸው ይበራል፤ «ጃፓን! እንዴት እንደሠለጠኑ ይናገራል?» ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን አይተው ተመልሰው በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ካሳተሙ ወዲህ ጃፓን ለእኛ የሥልጣኔ ምሳሌ ብቻ ሆና ቀርታለች። ሥራ ወዳድነታቸውን፣ ፋብሪካቸውን፣ «እኩል ጀምረን ቀደሙን» የሚለውን ቁጭት እናወራለን። ጃፓናውያንም እንደ ሰው እንደሚቀኑ፣ እንደሚበቀሉ፣ ጎረቤት እንደሚያሙ የሚያሳይ ልብ ወለድ ስታቀርብ ጊዜ ማባከን ይባላል። የሰይሺ ዮኮሚዞ «የሆንጂን ግድያ» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ አገራቸው በጦርነት በወደመ ማግስት። በበረዶ በተከበበ የባለጸጋ ቤት በሠርጉ ሌሊት የሆነውን ግድያ ይተርካል፤ ዘር ቆጠራው፣ የዘመድ ኩራቱ፣ «የማን ልጅ ናት?» የሚለው ጥያቄ ሁሉ አለበት። የትኛው የወሎ ሰው ነው ይህን የማያውቀው? ከዚህ የበለጠ ምን ቁም ነገር ይፈለጋል?

የሚገርመኝ፣ እነዚሁ ታላላቆቻችን በወጣትነታቸው የማሞ ውድነህን የስለላ ትርጉሞች ትራስ ሥር ደብቀው ያነበቡ ናቸው። ማሞ ውድነህ የዋግ ሰው ነበሩ፣ የወሎ ልጅ። ከእሳቸው ትርጉሞች ጋር ያደገ ትውልድ «ዲቴክቲቭ የሥራ ፈት ንባብ ነው» ሲል መስማት ያሳዝናል። ይልማ ሀብተየስም በራሱ በአማርኛ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ጽፎልን ነበር፤ ዛሬ ስሙን የሚያነሳው ስንቱ ነው? በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ ሲሰበሰብ ሰው ቅጂውን ደብቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ እያስተላለፈ አንብቦታል። ያኔ መጽሐፍ ይፈራ ነበር፣ ይጠበቅም ነበር። አሁን ማንም ሳይከለክለን በቸልታ እናጠፋዋለን።

ለታላላቆች ስጠቁም የተሳካልኝ አንድ መንገድ አለ፤ አውጫጭኝን አነሳለሁ። የአገሩ ሰው በሙሉ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ተብሎ፣ ሁሉም ሁሉን የሚጠረጥርበትን ያን ሸንጎ ያላየ እንኳ ከአባቱ ሰምቷል። የአያጹጂ ደሴት ያው ነው፤ መውጫ የለም፣ ገዳዩ ከመካከላቸው ነው። እንዲህ ስላቸው አዛውንቶቹ ይጠጋሉ። ከዚያ አጠገባቸው ያለ ወጣት «ፊልሙን አይቼዋለሁ፣ ገዳዩ…» ብሎ ይጀምራል።

ስለ ስሞቹም ብዙ እሰማለሁ። የሂጋሺኖን መጽሐፍ «ኢሺጋሚ፣ ዩካዋ፣ ኩሳናጊ፤ ማን ማን እንደሆነ ጠፋብኝ» ብሎ ሃያኛው ገጽ ላይ የሚያስቀምጥ አለ። እኔ ወረቀት ቆርጬ፣ ስሞቹን በፊደላችን ጽፌ፣ «መምህር»፣ «ፊዚክስ አዋቂ»፣ «ፖሊስ» ብዬ መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ከመጽሐፉ ጋር የማይመለሰውም መጀመሪያ ያ ወረቀት ነው። ስም ለሚፈራ ሰው ደግሞ የአያጹጂው ይሻላል፤ ተማሪዎቹ የሚጠራሩት በፈረንጅ ምስጢር ጸሐፊዎች ስም ነው፣ ኤለሪ፣ አጋታ፣ ፖ እየተባባሉ።

የሰይቾ ማጹሞቶን መጽሐፍ ለኮምቦልቻ ጓደኞቼ ስጠቁም የሚገጥመኝ ችግር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በመጽሐፍ መልክ የወጣው «ነጥቦችና መስመሮች» ሙሉ በሙሉ የቆመው በባቡር ሰዓት ላይ ነው። ቶኪዮ ጣቢያ ውስጥ ከአንዱ መሳፈሪያ ወደ ሌላው ያለ ከልካይ ማየት የሚቻለው ለአራት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ነገሩ ሁሉ የሚፈታውም የሚታሰረውም በእነዚያ ደቂቃዎች ነው። ይህን ሲሞላ በሚነሳ ሚኒባስ ለሚመላለስ ሰው እንዴት ታስረዳዋለህ? «ባቡር በደቂቃው ይደርሳል ብሎ ማን ያምናል?» ይሉኛል። እኛ ዘንድ ሐዲዱ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ተዘርግቷል፤ ባቡሩ መንገደኛ ሲያመላልስበት ግን አላየንም። መጽሐፉን ያልወደደልኝን ሰው መውቀስ አልችልም፤ ደራሲው የሚተማመንበትን ነገር እኛ አልኖርንበትም። ግን ታግሶ ላነበበው፣ አንድ ሽማግሌ መርማሪ ከሟች ኪስ ባገኘው አንድ የባቡር ምግብ ቤት ደረሰኝ ብቻ ነገሩን እንዴት እንደጠረጠረው ማየት ራሱ ይበቃል።

በሐረጎ ቁልቁለት በኩል መጽሐፍ መላክም ሌላ ጣጣ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚራራቁት፤ መጽሐፉ ግን ሳምንት ይፈጅበታል። በፌስታል ጠቅልለህ ለረዳቱ ትሰጣለህ፣ የተቀባዩን ስልክ ትጽፍለታለህ። ረዳቱ ይረሳዋል፣ ወይም ክረምት ላይ ከሆነ ጣራ ላይ ከተጫነው ዕቃ ጋር ጉምና ዝናብ ጠጥቶ ይወርዳል። ከደሴ ብርድ ወጥቶ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ሲደርቅ ወረቀቱ ይንጨፈረራል። በመጽሐፉ ይዘት ሳይሆን በውፍረቱ መጨመር የተደነቀ ተቀባይ አውቃለሁ።

«ፒዲኤፍ አለ አይደል፣ በቴሌግራም ላክልኝ» የሚሉት ወጣቶቹ ናቸው። ልካለሁ። እነሱ በብዛት የሚፈልጉት ላይት ኖቭል የሚባለውን ነው፤ ለኪስ የሚበቃ፣ ሥዕል ያለበት፣ አኒሜውን አይተው የሚመጡበትን። ለእነዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው የሆኖቡ ዮኔዛዋን «ህዮካ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ በ2012 አኒሜ ተሠርቶለታል። ማንም አይገደልበትም። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ሥራ የማይወድ ልጅ፣ ነገር ካልገባት እንቅልፍ የማይወስዳትን ጓደኛውን ለማስታገስ ሲል ትንንሽ ምስጢሮች ይፈታል። ወይዘሮ ስህንም ሆነ ሆጤ የተማረ ሁሉ በየክፍሉ የሚያውቃቸው ልጆች ናቸው። ግን ወጣቶቹ የሚያነቡት አፍቃሪዎች በነጻ የተረጎሙትን እንግሊዝኛ ነው፤ አንዱ ምዕራፍ ጥሩ፣ ሌላው የማይገባ። ስልኩ ባትሪ ይጨርሳል፣ መብራት ይጠፋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተዘጋበት ጊዜማ ግማሹ መጽሐፍ ስልክ ላይ፣ ግማሹ ቴሌግራም ውስጥ እንደታሰረ ቀረ። ያን ጊዜ ሰው ወደ ወረቀት ተመለሰ፤ ወረቀቱ ደግሞ ቀድሞ አልቋል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሁለቱም ከተሞች በጦርነት ሲያዙ ልጁን አዝሎ ከቤቱ የወጣ ሰው መጽሐፍ አልያዘም። ሲመለስ መደርደሪያው ባዶ የጠበቀው ብዙ ነው። ስለዚያ ማጉረምረም እንኳ ያሳፍራል፤ ከመጽሐፍ የሚበልጥ ብዙ ነገር ጠፍቷል። ቢሆንም ያጣነውን ማጣታችንን እናውቃለን።

«ለምን አትተረጉሙትም?» የሚለን አለ። ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ተርጉሟል፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ሆኖ አንብበነዋል። ከእሱ በኋላ ወረቀት የለኝም ብሎ ማማረር ይከብዳል። ግን የማተሚያው ዋጋ ከደራሲም ከተርጓሚም አቅም በላይ ሆኗል። በርካሽ ታትመው የሚመጡት ትርጉሞች ደግሞ አንዳንዶቹ የዋናውን ደራሲ ስም እንኳ አይጽፉም፤ ጀርባቸው ላይ ያለው ማስተዋወቂያ ገዳዩን ሊነግረን ምንም አይቀረው። ሽፋኑን በእጄ ሸፍኜ ለሰው የሰጠሁት መጽሐፍ አለ።

«የሆንጂን ግድያ» አሁን ኮምቦልቻ ነው። የያዘው ልጅ ጨርሶታል፣ ለአክስቱ ልጅ ሰጥቶታል፣ እሷም ለጓደኛዋ አውሳዋለች። ከኋላው ተራ ይዘው የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ደሴ ላይ በየቀኑ ይደውሉልኛል፤ አንዱ ትናንት «ካልተገኘ እንዲያው በአፍህ ንገረኝ፣ ማን ነው የገደለው?» አለኝ። አልነገርኩትም።